ባዶው ብልቃጥ፦ የዓሣ ናሙናን በማይክሮዌቭ ስለ ማላምና ስለ አንድ አሳሳች ውጤት

በሐዋሳ ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የተከራየችበት ግቢ በመንገዱ በኩል ትንሽ ምግብ ቤት አለው። የምግብ ቤቱ ባለቤት አከራይዋ ናቸው። በማለዳ ወደ አሞራ ገደል ወርደው ከጀልባ የወጣ ዓሣ ይገዛሉ፤ ረፋዱ ላይ ዘይቱ ይጋላል፤ ቀትር ሲሆን ግቢው በጥብስ ሽታ ይሞላል። ተማሪዋም ለመመረቂያ ጥናቷ የምትገዛው ዓሣ ከዚያው ዳርቻ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያው ጀልባ ነው። የእርሷ ዓሣ ግን መጥበሻ አያገኘውም። ይመዘናል፣ ሥጋው ይለያል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ በመጨረሻም በአሲድ ተሟሙቶ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይሆናል።

አከራይዋ ይህን ሥራ በሩቁ ሲከታተሉ ከቆዩ በኋላ አንድ ምሽት ጠየቋት። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደክመሽ ዓሣውን ካቀለጥሽው በኋላ መሣሪያው የሚነግርሽ ምንድን ነው? ይበላል ነው የሚለው፣ አይበላም?» ተማሪዋ «ገና ነው፣ እትዬ፤ ውጤቱ ሲወጣ እነግርዎታለሁ» ብላ አለፈች። ይህ ጽሑፍ በዚያ ምሽትና መልሱ በተሰጠበት ቀን መካከል የሆነውን ይናገራል።

ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ቀላል አልነበረም። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ከጨለለቃ ረግረግ የሚነሣው ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከከተማው መንገዶች የሚወርደው ጎርፍም ማረፊያው እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት የሐይቁ ውኃና ዓሣ ከተመራማሪዎች ዓይን ርቆ አያውቅም። ዝናቡ ገብረ ማርያም ከአንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ጋር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በገባር ወንዞቻቸው ውስጥ ያሉትን ከባድ ብረታ ብረቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው በሐዋሳ ሐይቅ ትልቁ ባርበስ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሜርኩሪው መጠን ዓሣው በምግብ ሰንሰለት ውስጥ ባለው ደረጃ እንደሚወሰን አሳይተዋል፤ ሌሎች ዓሦችን ወደ መብላት የተሸጋገሩት በሥጋቸው ብዙ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል። በቀጣዩ ዓመት በታተመው ሥራቸው ግን፣ ዓሣ በሊታው አምባዛ ከተጠበቀው ያነሰ ሜርኩሪ መያዙን ዘግበዋል። እንግዲህ ስለዚህ ሐይቅ ዓሣ በአንድ ቃል «ይበላል» ወይም «አይበላም» ማለት እንደማይቻል ተማሪዋ ገና ሥራውን ሳትጀምር ከንባብ ተረድታ ነበር። የእርሷ ጥናት ያተኮረው በእርሳስና በካድሚየም ላይ ሲሆን ሜርኩሪም ተጨምሮበታል።

በኢምንት መጠን የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን የሚለኩ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ናሙናውን የሚቀበሉት በፈሳሽ መልክ ነው። የዓሣ ሥጋ ግን ፕሮቲንና ስብ ነው፤ ብረታ ብረቶቹም ከዚያ ጋር ተሳስረው ይገኛሉ። ስለዚህ ሥጋው ፈርሶ፣ ካርቦኑ ወደ ጋዝነት ተለውጦ፣ ብረቱ ብቻውን በአሲድ ውኃ ውስጥ መቅረት አለበት። ለዚህ ሂደት ከሥነ ሕይወት ትምህርት የተወሰደው «ልመት» የሚለው ቃል የሚስማማ ነው፤ ምግብ በሆድ ውስጥ እንደሚላም፣ ናሙናም በአሲድ ውስጥ ይላማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ካሪየስ እ.ኤ.አ. በ1860 ናሙናን ከናይትሪክ አሲድ ጋር በታሸገ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያሞቅ ነበር። ዴንማርካዊው ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ለናይትሮጂን ልኬት ሰልፈሪክ አሲድን ተጠቀመ። በማይክሮዌቭ ምድጃ የሥነ ሕይወት ናሙናዎችን ማላም በሳይንስ መጽሔት የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ሙቀቱና ግፊቱ የሚለካበት ድፍን ብልቃጥ ተጨመረበት።

ተማሪዋ የጀመረችው ግን በማይክሮዌቭ አልነበረም። ያገኘችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምጣድና ክፍት ቢከር ነበር። በጢስ መሳቢያው ሥር ቆማ ቡናማው የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ጢስ ሲነሣ እየተመለከተች፣ አሲዱ ሲያልቅ እየጨመረች ሰዓታት ታሳልፋለች። ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጠራም፤ የስብ ጠብታዎችም ከላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ። አማካሪዋ ማስታወሻዋን አይተው አንድ ጥያቄ ጠየቋት፤ «ሐዋሳ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

ጥያቄው የምግብ ቤት እንጂ የቤተ ሙከራ አይመስልም ነበር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የተከማቸ ናይትሪክ አሲድም በባሕር ወለል ላይ በ121 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በሐዋሳ ግን ከዚያ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ብሎ። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ከመፍያ ነጥቡ አያልፍምና፣ ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል አሲዱ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ «ሁለት ሰዓት አፍላ» ሲል፣ በሐዋሳ የሚገኘው ሁለት ሰዓት ቀዝቃዛ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ሜርኩሪ በቀላሉ የሚተን ንጥረ ነገር ነው። ከክፍት ቢከር ጢስ ሲወጣ ሜርኩሪውም አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ በመሣሪያው ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር የዓሣውን ንጽሕና ሳይሆን የዕቃውን ክፍትነት ይናገራል።

ድፍን ብልቃጥ ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይፈታል። ክዳኑ ሲጠብቅ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት የአሲዱን የመፍያ ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ አሲዱም ሳይፈላ 180 ወይም 200 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የናይትሪክ አሲድ የማቃጠል ኃይል ከክፍቱ ዕቃ ጋር አይወዳደርም። የከተማው ከፍታም ትርጉም ያጣል፤ ብልቃጡ የራሱን አየር ይዞ ተዘግቷልና። ሜርኩሪውም የሚሄድበት የለም። የማይክሮዌቩ ሞገድ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ የውኃና የአሲድ ሞለኪውሎችን ያወዛውዛል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን አየኖችም ያናውጣል። ቴፍሎን ሞገዱን ስለሚያሳልፍ ሙቀቱ የሚነሣው ከብልቃጡ ግድግዳ ሳይሆን ከፈሳሹ ከራሱ ነው። በምጣድ ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያልቃል።

ይህ ማለት ግን ሥራው የዋዛ ነው ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ብልቃጥ 0.5 ግራም የደረቀ የዓሣ ዱቄት ይመዘናል። በላዩ ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎም ጥቂት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይጨመራል። ክዳኑ ከመጥበቁ በፊት ናሙናው ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፤ ስብ የበዛበት ዓሣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ በኃይል ያወጣልና የመጀመሪያው ቁጣ መብረድ አለበት። ከተወሰነው መጠን በላይ ዱቄት ማስገባት ግፊቱን ከብልቃጡ አቅም በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ዙሩ ሲያልቅም ብልቃጡ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። የማእድ ቤት ማይክሮዌቭን ለዚህ ሥራ ማዋል የማይታሰብ ነው፤ ግፊትን የሚቆጣጠርበት መንገድ የለውም፣ የአሲዱ እንፋሎትም ውስጡን ይበላዋል።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ተምራ፣ የአሥራ ሁለት ብልቃጥ ዙር ማስኬድ ጀመረች። ቁጥር 1 ዘወትር «ባዶ» ነበር፤ ዓሣ የሌለበት፣ አሲድና ፐሮክሳይድ ብቻ የያዘ። ቁጥር 2 ውስጥ ደግሞ በውስጡ ያለው የንጥረ ነገር መጠን አስቀድሞ የታወቀ፣ ማመሳከሪያ የዓሣ ዱቄት ይገባል። ባዶው ንጹሕ ወጣ። ማመሳከሪያውም በምስክር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ተስማማ። ከ3 እስከ 12 የነበሩት የሐይቁ ዓሦች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዱ፣ በጥቁር ውኃ መግቢያ አጠገብ የተጠመደ ትልቅ ባርበስ፣ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ እርሳስ አሳየ። ቁጥሩ ወደ እርጥብ ሥጋ ሲመነዘር የአውሮፓ ኅብረት ለዓሣ ሥጋ ከፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊግራም በላይ ነበር።

ያ ምሽት ለተማሪዋ የደስታ ነበር ማለት ይከብዳል፤ የሐዘን ነበር ማለትም እውነት አይሆንም። ለወራት «ከገደብ በታች» የሚል ዓምድ ስትሞላ ለቆየ ሰው፣ ከገደብ በላይ የወጣ አንድ ቁጥር እንደ ሽልማት ይታያል። ማብራሪያውም ራሱን አቀረበ፦ ዓሣው ትልቅ ነው፣ የተጠመደው ወንዙ በሚገባበት ቦታ ነው፣ ወንዙ ከከተማው በላይ ካለው ሁሉ ያመጣል። የውይይት ምዕራፉ በአእምሮዋ ተጻፈ። ወደ ቤት ስትመለስ አከራይዋ በምድጃው አጠገብ ዓሣ ሲጠብሱ አገኘቻቸው። ምንም አላለችም፤ በዚያ ምሽት ግን የቀረበላትን ዓሣ አልበላችም።

በማግሥቱ ቁጥሩን ለቤተ ሙከራው ነባር ባለሙያ አሳየቻቸው። እርሳቸው ስለ ሐይቁም ስለ ወንዙም አልጠየቁም። «ይህ ዓሣ የገባው በስንት ቁጥር ብልቃጥ ነው?» አሉ።

«በስድስት ቁጥር፣ ጋሼ።»

«የስድስት ቁጥርን ባዶ አይተሽዋል?»

አላየችውም። ባዶው ሁልጊዜ በቁጥር 1 ነበር። በመዝገቡ ላይ ወደ ኋላ ሲመለከቱ፣ ከእርሷ ሥራ በፊት ብልቃጦቹ የደለል ናሙና የተላመባቸው ሆነው ተገኙ። ከደለል ሥራ በኋላ ብልቃጦቹን በንጹሕ አሲድ ሞልቶ አንድ ሙሉ የጽዳት ዙር ማስኬድ ይገባ ነበር። ያንን ዙር መዝለሏን ያስታወሰችው ተማሪዋ ራሷ ናት። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በተመለሰ ጊዜ ሰዓቱ ገፍቶ ስለነበር ብልቃጦቹን አለቅልቃ ብቻ ወደ ናሙናዎቿ ገባች። ጥፋቱን የምትጥልበት ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነበር። አሥራ ሁለቱም ብልቃጦች ባዶ ሆነው፣ አሲድና ፐሮክሳይድ ብቻ ይዘው፣ እንደ ናሙና በሙሉ ፕሮግራም አለፉ። አሥራ አንዱ ንጹሕ ነበሩ። ስድስተኛው፣ ዓሣ ያልነካው አሲድ፣ እርሳስ ሰጠ። ባለሙያው ብልቃጡን በመስኮቱ ብርሃን አዟዙረው ሲመለከቱት፣ በውስጠኛው ግድግዳ ከክዳኑ በታች በጣት የሚዳሰስ ጭረት ነበረው፤ በጭረቱም ውስጥ ነጭ ቅሪት ተጋግሯል። የሐዋሳ ደለል ከእሳተ ገሞራ አለት የመጣ፣ ሲሊካ የበዛበት ነው፤ ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ሲሊካን አያሟሟም፣ ለዚያ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ያልሟሟው ደለል በጭረቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ አሲድ በመጣ ቁጥር ከእርሳሱ ጥቂት ጥቂት ሲለቅ ነበር። ባለሙያው ብልቃጡን ወደ ጎን አስቀምጠው «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» አሉ።

ባርበሱ እንደገና ሦስት ጊዜ ተመዘነ፤ በሦስት ልዩ ልዩ ንጹሕ ብልቃጦችም ላመ። ሦስቱም ውጤቶች ተቀራረቡ፤ ሦስቱም ከገደቡ በታች ነበሩ። የሽልማት ያህል የታየው ቁጥር የዓሣው አልነበረም፤ የብልቃጡ ነበር።

ነገሩ ምን ያህል ለጥቂት እንደሆነ ለማየት አንድ ሒሳብ ይበቃል። ከዓሣ ሥጋ አምስት እጅ አራቱ ውኃ ነው ቢባል፣ በእርጥብ ሥጋ 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ማለት በደረቁ ዱቄት 1.5 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል። በ0.5 ግራም ዱቄት ውስጥ ሲሰላ 0.75 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ እርሳስ ነው። አንድን ንጹሕ ዓሣ «ከተፈቀደው በላይ» ለማሰኘት የሚበቃው ይህችው ናት። ለዓይን አትታይም፤ በጭረት ውስጥ ግን ተመችቷት ትቀመጣለች።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ዕቃ ይታጠብ» ከሚለው ይሰፋል። ዕቃ መታጠብ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ አከራይዋም ጠላ ሊጠምቁ ሲያስቡ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥናሉ፤ የቀድሞው ጠላ ትዝታ አዲሱን እንዳያበላሽ። ተማሪዋን ያሳሳታት ቁጥጥር ማጣቷ አልነበረም። ባዶ ነበራት፣ ማመሳከሪያም ነበራት፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ችግሩ ሁለቱም ዘወትር በአንድ ቦታ መቀመጣቸው ነው። በቁጥር 1 የተቀመጠ ባዶ የሚመሰክረው ስለ ቁጥር 1 ነው፤ በቁጥር 2 የላመ ማመሳከሪያም የሚያረጋግጠው የዘዴውን ትክክለኛነት እንጂ የስድስተኛውን ብልቃጥ ንጽሕና አይደለም። ቦታውን የማይለውጥ ዘበኛ የሚጠብቀው የቆመበትን በር ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶውም ማመሳከሪያውም በየዙሩ ብልቃጥ መቀያየር አለባቸው፤ ማንኛውም ናሙና ከአንድ በላይ በሆኑ ብልቃጦች መላም አለበት፤ የመለኪያ ወሰን የሚሰላው ከብዙ ባዶዎች መዋዠቅ ስለሆነ አንድ ባዶ ብቻ ይዞ ወሰን መናገር አይቻልም። ፈሳሹ መጥራቱም ማስረጃ አይሆንም። የጠራ ፈሳሽ ያልፈረሰ ካርቦን ሊይዝ ይችላል፤ የስድስተኛው ብልቃጥ ፈሳሽም እንደ ሌሎቹ የጠራ ነበር።

ሌላው ትምህርት ከኬሚስትሪ ውጭ ነው። ተማሪዋ የባርበሱን ቁጥር ያመነችው ታሪክ ስለነበረው ነው፤ ትልቅ ዓሣ፣ የወንዝ መግቢያ፣ ከተማ። ያው ቁጥር በሐይቁ መካከል በተጠመደ ትንሽ ቆሮሶ ላይ ቢወጣ ኖሮ በዚያው ቀን ስሕተት ብላ ትደግመው ነበር። ለጥርጣሬ የሚበቃው የማይመስል ውጤት ብቻ ሆኖ ታይቷት ነበር፤ የሚመስለው ውጤት ግን ከማይመስለው ይልቅ አደገኛ ነው፣ ማንም አይደግመውምና። ቁጥሩ ታትሞ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሰው አፍ ይገባ ነበር። በአሞራ ገደል ጀልባ የሚገፉት፣ በዳርቻው ዓሣ የሚገፉት ልጆች፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማም ዘይት የሚያግሉት አከራይ፣ ከአንድ ብልቃጥ ጭረት የወጣ ወሬ ገበያቸውን ሲመታው መልስ የሚሰጡበት ቤተ ሙከራ የላቸውም። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው፤ በክፍት ቢከር ተንኖ የጠፋ ሜርኩሪ «ደኅና ነው» የሚል ሐሰተኛ ማጽናኛ ይሆናል። የናሙና ዝግጅት ከእነዚህ ከሁለቱ ሐሰቶች መካከል የምታልፍ ጠባብ መንገድ ናት፤ ከእርሷ በኋላ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አንዱንም አያርመውም። መሣሪያው የቀረበለትን ፈሳሽ በታማኝነት ያነባል፤ ፈሳሹ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

በመጨረሻ አንድ ምሽት አከራይዋ ጥያቄያቸውን ደገሙት። ተማሪዋ በዚህ ጊዜ አላለፈችውም። «እትዬ፣ እስካሁን በለካኋቸው ዓሦች ውስጥ እርሳሱ ከተፈቀደው በታች ነው። አንድ ጊዜ በላይ የወጣ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ዕቃዬ ነው የዋሸኝ። ሜርኩሪን በተመለከተ ግን ከእኔ በፊት ያጠኑት ሰዎች ዓሣ የሚበላው ትልቁ ባርበስ ብዙ እንደሚይዝ ጽፈዋል። ስለዚህ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ቆሮሶው ይሻላል፤ እርሱ የሚመገበው የውኃ ውስጥ ደቃቅ ዕፅዋት ነው።»

አከራይዋ ጥቂት አሰቡና «እኔስ ድሮም የምገዛው ቆሮሶ ነው» አሉ፤ ሳህኑንም ወደ እርሷ ገፋ አደረጉላት። በላች።

በመመረቂያ ጽሑፏ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ይህ ሁሉ ታሪክ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀርቷል፦ ባዶ ናሙናዎች በሁሉም ብልቃጦች ላይ እየተፈራረቁ መላማቸውንና፣ በውስጠኛ ግድግዳው ላይ ጭረት የተገኘበት አንድ ብልቃጥ ከሥራ መውጣቱን የሚገልጹ። ብዙ አንባቢ ዘዴውን ዘሎ ወደ ውጤቱ ሰንጠረዥ ይሄዳል። በሰንጠረዡ ላይ ያለው የባርበሱ ቁጥር ግን የቆመው በእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው።